የሩታ ቤተሰብ

ዓሊማ ግቢው በር ላይ ቆማ ለጎረቤቷ ለጌጤ «ዛሬ የልጄ ቀን ነው፣ እስከ ማታ አልኖርም» ስትላት ኢክረማ መስኮቱ ስር የእናቷን ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን እንደያዘች ቆመች። ዓሊማ የወለደቻት ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት፤ ለእሷ ደግሞ ዛሬ ምንም የተለየ ቀን አይደለም፤ እናቷን አጅቢ ባትባል ኖሮ እንደማንኛውም ቅዳሜ ከወንድሟ ከአሽረፍ ጋር ዊንጌት ያለው ሱቃቸው ውስጥ ባልዲና ጆግ ስትሸጥ ትውል ነበር። ጌጤ ግን አልተደናገረችም። «ሩታን ነው? እሰይ፣ ጨዋ ልጅ» አለች፤ ያቺን ልጅ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ኢክረማ ካውያውን ቀሚሱ ላይ ረስታው ኖሮ ሽታው አፍንጫዋን ሲመታት ነው ብድግ ያደረገችው። ጨርቁ አልተቃጠለም፣ ወየብ ብሎ ቀረ፤ እሱም ወደ ውስጥ በሚታጠፈው ጠርዝ በኩል ስለሆነ አላህ ሸፈናት። ቢታይባት ደስ ይላት እንደነበር ግን ለራሷ አልደበቀችም።

ነገሩን ያመጣው የሕክምና ትምህርት ቤቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከሽሮ ሜዳ በላይ የከፈተው ይህ ትምህርት ቤት በዚህ ዓመት እንዴት እንዳደገ ለማወቅ ደጁን ማየት ይበቃል። ሰማንያ ተማሪ ይቀበል የነበረው ሁለት መቶ ተቀበለ፤ አምስት ፎቅ ተሠራለት፤ በሩ ፊት ለፊት የነበሩት ሁለት ጁስ ቤቶች ስምንት ሆኑ፤ ሦስት ብር የነበረው ፎቶ ኮፒ አምስት ገባ፤ በአካባቢው ጓዳቸውን ያላከራዩ ሰዎች ሞኝ ተባሉ። ከሁሉ በላይ ግን አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ መጣ። እያንዳንዱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከጉለሌ አንድ ቤተሰብ ይሰጠዋል፤ ዓመቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ እየሄደ ጤናቸውን ይጠይቃል፣ ይለካል፣ ይጽፋል፤ ሰኔ ላይ በመዝገቡ ይፈተናል። ሐሳቡን ያወጡት ሰዎች ጎበዞች ናቸው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ልጅ ቢኖርስ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ኢክረማ ደግሞ ዝም ብላ ሌላ ልጅ አይደለችም። ከሁለት ዓመት በፊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስትፈተን ማለፊያው ሦስት መቶ ነበር፤ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ አመጣች። በዘጠኝ ነጥብ። በዓመቱ በግል ደገመችና ሁለት መቶ ሰባ ስምንት አመጣች። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ማንም ስለ ትምህርት አላነሳባትም፤ እናቷም አሽረፍም እንዳይከፋት ብለው ነው። እሷን ያስከፋት ግን ይኸው አለማንሳታቸው ነበር፤ የሞተ ሰው ስም እንኳ አንዳንዴ ይነሳል።

ለዓሊማ የደረሰቻት ተማሪ ሩታ ናት። ከደሴ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከድን፣ ልክ እንደ ኢክረማ ሃያ አንድ ዓመቷ። መጀመሪያ ቀን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ «እትዬ ዓሊማ፣ እንደምን አሉ» ስትል ኢክረማም ወዳት ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም፤ ሻይ ያቀረበችላትም ራሷ ናት። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሩታ የዓሊማን ክንድ አስራ ለካችና ፊቷ ተለወጠ። መቶ ስድሳ ስምንት በዘጠና ስምንት። በዚያ ቤት ደም ግፊት የሚባለው ቃል በዋዛ አይነሳም። የኢክረማ አባት ሸፊ ከአራት ዓመት በፊት ሱቁ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ሲደረድር ወድቆ በዚያው የቀረው በዚሁ በሽታ ነው፤ እንዳለበት እንኳ ሳያውቅ። ሩታ በማግስቱ ከክፍል ቀርታ ዓሊማን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ሰልፍ ያዘችላት፤ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላትና ያንንም ገዝታ መጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓሊማ ሰግዳ ዱዓ ስታደርግ የምትጠራቸው ስሞች በአንድ ጨመሩ። ኢክረማ ከጎኗ ሆና ሰማች፤ የሩታ ስም ከእሷ ስም ቀድሞ ነበር የተጠራው።

ከዚያ በኋላ የኢክረማ ዓይን ምንም ነገር አያልፍም ሆነ። ሩታ ክርስቲያን ናትና በዚያ ቤት የታረደ ሥጋ አትበላም፤ ዓሊማ ታዲያ ሥጋ በነካው ድስት ሽሮ ብሠራላት ቅር ይላታል ብላ ከሱቁ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር የሚሸጠውን ምግብ የማይዝ ድስት አስመጥታ ለብቻው ሰቀለችው። ኢክረማ አንድ ቀን እንቁላል ልትጠብስበት ብታነሳው «ተይው፣ እሱ የሩታ ነው» ተባለች። ሃያ አንድ ዓመት በኖረችበት ቤት ውስጥ የእሷ የተባለ ማንኪያ እንኳ ኖሯት አያውቅም። ጥር ላይ ሩታ ዓሊማን አንቺ ማለት ጀመረች። የካቲት ላይ፣ ሰተት ብላ እየገባች፣ «እማ» አለቻት። ዓሊማም ዕድሜ ልኳን እንደዚያ ስትጠራት እንደኖረች ሁሉ «ወዬ» አለች። ኢክረማ እናቷን የምትጠራው በዚህችው ቃል ነው፤ ሌላ ቃል የላትም። ያን ቀን አንጀቷ አርሮ ሱቅ ሄዳ ለአንዲት ደንበኛ መልስ አሳስታ ሰጠች፤ አሽረፍም ቀኑን ሙሉ ሲያሾፍባት ዋለ።

መለኪያ መሣሪያውን ትምህርት ቤቱ በውሰት ሰጥቶ ነበርና ቤት ውስጥ ተቀመጠ፤ ዓሊማ በየጠዋቱ እየተለካች ቁጥሩ ደብተር ላይ እንዲሰፍር ተባለ። ዓሊማ ቁጥር ታውቃለች፣ ከባሏ ጋር ሃያ ዓመት ሱቅ የዋለች ሴት ናት፤ ግን የቅርብ ነገር አይታያትም፤ መነጽር አድርጊ ስትባልም ያስረጃል ብላ እምቢ ትላለች። ስለዚህ ለኪዋም ጸሐፊዋም ኢክረማ ሆነች። ሩታ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስትመጣ ራሷ ደግማ ትለካ ነበር፤ ደንቡም እንደዚያ ነው። ሁለት መቶ ሰው የታጨቀበት ክፍል ፈተናውን ሲደራርብባት ግን ክንድ ማሰሩን ትታ ከደብተሩ ትገለብጥ ጀመር። «ኢኩ፣ አንቺ እኮ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ» ትላታለች፤ ማመስገኗ ነው። ከዚያ የገለበጠችውን ቁጥር መዝገቧ ላይ «በተማሪዋ የተለካ» በሚለው ቦታ ትሞላና ትፈርማለች።

ታዲያ በዚያው በየካቲት፣ ሩታ ሽሮዋን እየበላች፣ የቤተሰቡ ሰው ግፊት ለሁለት ወር ከተስተካከለ መምህራኑ ጉብኝቱን በወር አንዴ እንደሚያደርጉት በጨዋታ መሐል አነሳች። ኢክረማ በማግስቱ ጠዋት እናቷን ለካች፤ መቶ ሃምሳ ሁለት በዘጠና አራት አለ። መቶ ሠላሳ አራት በሰማንያ አራት ብላ ጻፈች።  እናቷ እንደሆነ ኪኒኗን ትውጣለች፤ ደብተር ላይ የተጻፈ ቁጥር ማንን ይጎዳል፣ ልጅቷ ትንሽ ራቅ ብትል ምናለበት፣ እንዲህ ነው ያሰበችው። ሩታ ግን አልራቀችም። ቁጥሩ በወረደ መጠን ደስታዋ እየጨመረ፣ ከተራዋ ቀን ውጭ ሁሉ ብርቱካን ይዛ ትመጣ ጀመር። ዓሊማም ድነሻል እየተባለች በረመዳን ወደ ማታ ያዞረችውን ኪኒን ከኢድ በኋላ ጭራሽ ተወችው፤ ለማንም አልተናገረችም፤ ለዳነ ሰው ኪኒን ምን ያደርጋል ብላ። መሣሪያው ከኢድ ወዲህ በየሳምንቱ ወደ ላይ ሲወጣ ኢክረማ ታያለች፣ ምክንያቱን ግን አታውቅም። ያወቀችው ከሦስት ሳምንት በፊት የፍራሹን ልብስ ስትቀይር ያልተነካ ሁለት እሽግ ኪኒን ስታገኝ ነው። ክው አለች። ኪኒኑን ለምን አትውጪም ብትላት እናቷ ሳቀችባት፤ ዛሬ ጠዋት መቶ ሃያ ስድስት ነሽ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ አለቻት።  እውነቱን ብታወጣ የአራት ወር ውሸት ተያይዞ ይወጣል። ፕሮግራሙ ሰኔ ላይ የሚዘጋበት ቀን ይለፍ፣ ያቺ ልጅ ትሂድና ሁሉንም እነግራታለሁ አለች። ይህን ካለች ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየነቃች የእናቷን ትንፋሽ ታዳምጣለች።

የመዝጊያው ቀን እንግዲህ ዛሬ ነው። ጠዋት የለካቻት ጊዜ መቶ ሰባ አራት በመቶ ሁለት ነበር፤ መቶ ሃያ አራት በሰማንያ ብላ ጻፈችና ደብተሩን ለሩታ ለመስጠት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዓሊማ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች፤ ትንሽ ከበድ ብሎኛል፣ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው ትላለች። ከዊንጌት እስከ ሽሮ ሜዳ በሁለት ታክሲ ሄዱ። ሁለተኛው ታክሲ ውስጥ ዓሊማ ከጡቷ ስር ትንሽ ካርቶን አውጥታ ለልጇ አሳየቻት፤ ሰዓት ነው፣ ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው፣ ሐኪም የልብ ምት ሲቆጥር እንዲህ ያለ ያስፈልገዋል ብላ ሰው ልካ ከመርካቶ ያስገዛችው፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር። ቆንጆ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኢክረማ ቆንጆ ነው አለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አዳራሹ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ የሊፍቱ ቦታ በጣውላ ተመትቷል። ዓሊማ ደረጃውን በየፎቁ እየቆመች፣ የግድግዳውን ብረት ይዛ፣ ሕንፃው እንዴት ያምራል እያለች ወጣች። ሕንፃውን ማድነቋ እስትንፋስ ለመሰብሰብ እንደሆነ ክንዷን የያዘችው ኢክረማ ታውቃለች፤ በቀጭኑ ልብስ በኩል የደም ሥሯ ሲመታ ይሰማታል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ «እማ፣ ቆይ አንዴ» አለች። ልትነግራት ነበር። በዚያው ቅጽበት ሩታ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከላይ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወርዳ «እማ! መጣሽልኝ» ብላ ዓሊማን በሌላኛው ክንዷ ያዘቻት። ዓሊማ በፊቷ ሁሉ ፈገግ አለች፤ ድካሟ ሁሉ የጠፋ መሰለ። ኢክረማም አፏ ላይ የደረሰውን ዋጠችው።

ከፊት ሁለት ረድፍ ወንበሮች ለቤተሰቦቹ ተይዘዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ኢክረማ የተቀመጠችበት ላይ «የሩታ ቤተሰብ» ይላል። ዞር ብላ ደግማ አነበበችው። ሃያ ሰው የማይሞላው ግቢያቸው ውስጥ የዓሊማ ልጅ፣ ሱቅ ውስጥ የአሽረፍ እህት ነበረች፤ እዚህ ደግሞ የሩታ ሆና ቁጭ አለች። ዓሊማ ሰዓቱን ሰጠች፤ ሩታ ወዲያው አሰረችውና እጇን ሳመቻት። አጠገባቸው ያሉት የሌሎች ተማሪዎች ቤተሰቦች እያዩ ፈገግ አሉ፤ አንዲት ሴትዮ ለዓሊማ ልጅሽ ቁርጥ አንቺን ትመስላለች አለቻት፣ ወደ ሩታ እያመለከተች። ዓሊማ አላረመቻትም።

የፕሮግራሙ ኃላፊ ዶክተር መዝገቡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ እጅጌያቸውን የሚሰበስቡ ሰው፣ ከሁለት መቶ መዝገብ ሦስቱ ለሽልማት እንደተመረጡ ተናገሩ፤ የመጀመሪያዋን የሩታን ጠሩ። ሩታ ወጥታ ቆመች። እንግሊዝኛውን በአማርኛ እያዋዛች፣ የአንዲት የሃምሳ አራት ዓመት እናት ታሪክ ብላ ስትናገር አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማት። ግድግዳው ላይ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ታየ። ቀጥሎም ሩታ ከፈረመችበት መዝገብ ጎን የደብተሩ ገጽ በፎቶ መጣ፤ የኢክረማ ጽሕፈት፣ እያንዳንዱ ስምንት ቁጥር ተለቅሞ የተጻፈ፣ በሰው ቁመት ልክ ሆኖ። ዶክተሩ አቋረጧት። ደብተሩ ያስደንቃል አሉ፤ አንድ ቀን እንኳ አልተዘለለም፤ እንዲህ የሚመዘግብ ሰው ሆስፒታል ሁሉ የሚመኘው ነው። ሩታ «አመሰግናለሁ ዶክተር» አለች። ጭብጨባው ተነሳ።

ኢክረማ ደሟ ፈላ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ በየጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት እየተነሳሁ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምነው ስሜን ብትጠራ፣ አንዴ ብቻ፣ «የኢክረማ ነው» ብትል ምን ይጎድልባታል፤ ይህንንም ወሰደችው። ብድግ ልትል ጉልበቷ ላይ እጇን አስደግፋ ነበር። ቁጥሮቹ ውሸት መሆናቸውን ለዚያች ደቂቃ ፈጽማ ረስታዋለች። ለማንም የማትነግረው ነገር ቢኖር ይህ ነው፣ የራሷን ውሸት ምስጋና መቀማቷ እንዲህ ማቃጠሉ፤ ቢነገርም ማንም አያምንም።

ዶክተሩ ግን አልተቀመጡም። እኔ የድሮ ሰው ነኝ፣ ደብተር ካየሁ በኋላ ክንድ ካላየሁ አላምንም ብለው ሰዉን አሳቁና ያንገታቸውን ማዳመጫ እያወረዱ ወደ ዓሊማ መጡ። በእጅ የሚነፋ መለኪያ ነው የያዙት። ዓሊማ ቀሚሷን ሰብስባ ክንዷን ሰጠች፤ እንደ ሙሽራ ነው የምታፍረው። ዶክተሩ ነፉ፣ አዳመጡ፣ ደግመው ነፉ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። መቶ ሰማንያ ስድስት በመቶ ስምንት አሉ፣ ለብቻቸው የሚናገሩ ያህል ዝቅ ብለው። ሩታ ደረጃው ነው፣ ሊፍት የለም፣ ሰውም በዝቶባታል አለች። እውነት ሊሆን ይችላል አሉ ዶክተሩ፤ ውኃ አስመጡላት፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቁ።  ደግመው ሲለኩ መቶ ሰማንያ አራት ሆነ። ኪኒኗን ዛሬ ወስዳ እንደሆነ ጠየቋት። ዓሊማ በሙሉ ልብ፣ ከኢድ ወዲህ እንደተወችው፣ ቁጥሩ ተስተካክሏል ስለተባለች እንደሆነ ነገረቻቸው።

ዶክተሩ ወደ ሩታ ዞሩ።

«እነዚህን ቁጥሮች የለካው ማነው?»

ሩታ ነጭ ጋውኗን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ፊርማዋ አሁንም ግድግዳው ላይ ይታያል። «እኔ ነኝ» አለች።

ኢክረማ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። አጭር፣ ሹል ደስታ፤ ይህን የምታህል ነገር ዓመቱን ሙሉ ጠብቃ አግኝታ አታውቅም። ልጅቷ ወደቀች። ሁለት መቶ ሰው እያየ ወደቀች። ዶክተሩ በቀዘቀዘ ድምፅ፣ አንዲት እናት በዚህ ግፊት ደረጃ ወጥታ በሕይወት መቀመጧ ዕድል እንጂ የማንም ጉብዝና እንዳልሆነ፣ ዛሬ ማታ ልትወድቅ ትችል እንደነበር፣ የሌለ ቁጥር የሚጽፍ ሰው በዚህ ቤት ቦታ እንደሌለው እየተናገሩ ነው። ኢክረማ ዛሬ ማታ የሚለውን ስትሰማ ዞር ብላ እናቷን አየች። ዓሊማ የምትመለከተው ሩታን ነበር፤ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗም ያን ጊዜ ሸፊን ተሸክመው ሲያመጡት እንደሆነው ሆኖ። ኢክረማ ተነሳች።

«የለካኋት እኔ ነኝ» አለች። «የጻፍኩት ግን የለካሁትን አይደለም።»

ሰው ሁሉ ዞረባት። ወረቀቱ ከወንበሩ ተላቆ ቀሚሷ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አላወቀችም። ዶክተሩ ምን ማለትሽ ነው ሳይሏት፣ ከየካቲት ጀምሮ አሳንሳ ስትጽፍ እንደቆየች፣ ሩታ እንደማታውቅ፣ ዛሬ ጠዋትም መቶ ሰባ አራት እንደነበር ነገረቻቸው። ተናግራ ስትጨርስ ተቀመጠች። ዓሊማ አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። የሱቅ ዕቃ ዋጋ እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችው።

«ለምን?»

«እሷ እንድትቀር ብዬ ነው፣ እማ።»

ዓሊማ «እኔስ ብቀርብሽ?» አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነው በጥድፊያ ነው። ዓሊማን ወንበር ላይ እንዳለች ተሸክመው ወደ ጎን ክፍል አስገቧት፤ ኪኒን ዋጠች፤ ልቧን በማሽን አዩላት፤ ጋደም ብላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆየች፤ መቶ ስድሳ ሲገባ ወደ ቤት እንድትሄድ ተፈቀደላት። በዚያ መሐል ሽልማቱ ለሌላ ተሰጥቶ፣ አዳራሹ ውስጥ ኬክ ተቆርሶ፣ ሰው ተበትኗል። ዶክተር መዝገቡ ለሩታ የሰጡትን ውሳኔ ኮሪደሩ ላይ ነው የተናገሩት፤ ኢክረማም ሰማች። ሳትለካ መፈረሟ ከኢክረማ ውሸት አያንስም፤ የዓመቱ መዝገቧ ውድቅ ነው፤ ሌሎቹ ለክረምት ወደየቤታቸው ሲሄዱ እሷ ሦስት ወር ቀርታ አዲስ ቤተሰብ ትከታተላለች፤ እንደገናም ትፈተናለች። ሩታ እሺ አለች። ኢክረማ አጠገቧ ሄዳ ይቅርታ የምትለውን ቃል ስትፈልግ ሩታ ጋውኗን አውልቃ ክንዷ ላይ አጥፋ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታያት፣ በደረጃው ወረደች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ደረሱ። ጌጤ በሩ ላይ እንዴት ነበር ስትላት ዓሊማ ደህና ነበር ብላ አለፈቻት። አሽረፍ ከሱቅ ደውሎ ነገሩን ከኢክረማ ሲሰማ ስልኩን ዘጋው። ዓሊማ ፍራሹ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ሻሿን ፈታች። ኢክረማ ውኃ አመጣች፣ ጠጣችላት፤ ትራስ አስጠጋች፣ ተደገፈችላት፤ አትቆጣ፣ አትገፋ፣ ዝም ብላ እንደ እንግዳ ሰው ትቀበላለች። ኢክረማ ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ብላ ተመኘች። በመጨረሻ የማታውን ኪኒን ከነውኃው ይዛ ስትቀርብ ዓሊማ ኪኒኑን መዳፏ ላይ ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ደግሞ አስጠጋችው። ይኸኛው ትክክለኛው መሆኑን ማየት ፈልጋ ነው። አልታያትም። ኢክረማ ያን ስታይ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።

ዓሊማ ኪኒኑን ሳትውጥ «ለሩታ ደውይልኝ» አለች።

ኢክረማ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን በመሐላቸው ያዘችው። አራት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። ዓሊማ ሩታ ላይ በደረሰው ነገር እንዳዘነች፣ ነገር ግን በዚህ ቤት ቁጥር የሚያነብላት የምታምነው ሰው እንደሌላት ነገረቻት፤ ነገ መጥተሽ ለኪኝ፣ ከነገ ወዲያም ነይ፣ እስክድን በየቀኑ ነይ አለቻት። 

«እትዬ ዓሊማ» አለች ሩታ። «እርስዎን በምን ልቤ እምቢ እላለሁ። ግን እሷ የማትፈልገኝ ቤት አልገባም። ትምጣ የምትል ከሆነ ከራሷ አፍ ልስማው።»

ዓሊማ እትዬ ሲባል ፊቷ ጭፍግግ አለ። ይህች ጥሪ እንድትመለስ ኢክረማ አራት ወር ሙሉ ጠብቃለች፤ አሁን ስትመጣ ጣዕም አጣችባት። እናቷ አልለመነቻትም፣ በዓይኗም አልገፋቻትም፤ ኪኒኑን መዳፏ ላይ እንደያዘች ጠበቀች። ኢክረማ ከነገ ጀምሮ የሚሆነውን አንድ በአንድ አየችው፤ ልጅቷ በየጠዋቱ በዚያ በር ስትገባ፣ እናቷ ክንዷን ለሌላ ሰው ስትዘረጋ፣ እሷ ራሷ ከዳር ቆማ ስታይ፣ ስንት ነው ብላ እንደ ጎረቤት ስትጠይቅ። ቅናቱ አልበረደላትም። እንዲያውም እንደዚህ አቃጥሏት አያውቅም።

«ነይ» አለች።

«አልሰማሁም» አለች ሩታ።

ኢክረማ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ በግድግዳው ማዶ ጌጤ እስክትሰማት ድረስ፣ «ነይ» አለቻት።